ባቡር በሌለበት ከተማ የባቡር ጡሩምባ መሥራት፦ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ሆኖ እውነተኛ የባቡር ጡሩምባ መስማት አይታሰብም። ሐዲዱ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ነው የሚሄደው፤ ወደ እኛ አይመጣም። የባቡር ወዳጅ ግን እዚህም አይጠፋም። ማታ መብራት ካለ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው አገር ሎኮሞቲቭ ሲነዳ ያመሻል። ኦፕን ሬልስ የሚባለው የባቡር መንጃ ጨዋታ (ሲሙሌተር) ነጻ ስለሆነ ብዙው ጀማሪ በእሱ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ መንዳቱ ብቻ አይበቃውም፤ የራሱን ሎኮሞቲቭ በራሱ ድምፅ ማስጮህ ያምረዋል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ጡሩምባን አንድ የድምፅ ፋይል አድርጎ ያስበዋል። ቁልፉን ስትጫን ይጮኻል፣ አለቀ። ጡሩምባ ግን አየር ሲገባበት የሚነሣ፣ አየሩ እስካለ የሚቆይ፣ አየሩ ሲቋረጥ እየወረደ የሚጠፋ ነገር ነው። ከታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

የሚያልፍ ባቡርን ድምፅ መውሰድ

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ባብዛኛው ሰው ሐዲድ ዳር ቆሞ የቀረጻቸው ናቸው። ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ካለፈ በኋላ ይወፍራል። ዶፕለር የሚባለው ነገር ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ጡሩምባው 400 ኸርዝ (በሰከንድ 400 ንዝረት) ቢሆን፣ ወደ እናንተ ሲመጣ 443 ገደማ ሆኖ ይሰማል። ካለፋችሁ በኋላ ወደ 365 ይወርዳል። ይህ በፒያኖ ቢለካ ከሦስት ቁልፍ በላይ ልዩነት ነው።

ብዙዎቹ ሲሙሌተሮች ይህን ለውጥ ራሳቸው ያሰሉታል። እናንተ ዶፕለር ያለበትን ድምፅ ስታስገቡ ታዲያ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ይባስ ብሎ ባቡሩ ጣቢያ ቆሞ እያለ ጡሩምባው የሚያልፍ ይመስላል። ያስቃል፣ ግን የእናንተ ሥራ ነው። ከቆመ ሎኮሞቲቭ፣ ከቅርብ የተቀረጸ ድምፅ ፈልጉ። የቀረጸውንም ሰው አስፈቅዱ፤ ዝም ብሎ ቆርጦ መውሰድ ነውር ነው።

የከባድ መኪና ጡሩምባን ማወፈር

ይህ የእኛ አካባቢ ፈተና ነው። በአዘዞ በኩል የሚያልፍ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ሲለቀው ልብ ያርዳል። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ፣ ከዚያ በኮምፒውተር ማወፈር ቀላል ነው። የሚወጣላችሁ ግን የወፈረ መኪና ነው።

ምክንያቱም የመኪናው ጡሩምባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሰማው ናታን ኬ5ኤልኤ የተባለው የባቡር ጡሩምባ ግን አምስት ጡሩምባ አለው። በግምት 311፣ 370፣ 415፣ 494 እና 622 ኸርዝ ሆነው ባንድ ጊዜ ይጮኻሉ። እምቢልታ ነፊዎችን አስቡ፤ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆማል፣ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ነው። ልዩነቱ እምቢልታዎቹ ይቀባበላሉ፣ የባቡሩ ጡሩምባዎች ግን አብረው ይነፋሉ።

የሚቀረጽ ባቡር ከሌለ በኮምፒውተር ከባዶ መሥራት ይሻላል። አምስቱን ድምፆች ለየብቻ ሥሩና ደርቧቸው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሁሉንም በትክክል መቃኘትና እኩል ማስጀመር። እንዲህ ስታደርጉ የሚወጣው የኦርጋን ድምፅ ነው። እውነተኛው ጡሩምባ ከአየር ግፊቱ ጋር ነው የሚነሣው። መጀመሪያ ላይ ቅኝቱ ትንሽ ዝቅ ይልና ወዲያው ቦታውን ይይዛል፤ ወፍራሞቹም ብዙ ጊዜ ከቀጭኖቹ ትንሽ ዘግየት ይላሉ። ቅኝቱንም በአንድ ወይም በሁለት ኸርዝ አዛቡት። 622ቱን 624 ብታደርጉት ከ311ዱ እጥፍ ጋር አይገጥምም፤ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ጆሮ «ይሄ ብረት ነው» የሚለው ያን ሲሰማ ነው።

ሉፑን በዘፈቀደ መቁረጥ

ከሁሉም በላይ ሥራ የሚያበላሸው ይህ ነው። ተጫዋቹ ቁልፉን ግማሽ ሰከንድ ይጫን ወይም አሥር ሰከንድ አታውቁም። ስለዚህ ድምፁ ለሦስት ይከፈላል፦ መነሻው፣ እየተደጋገመ የሚዞረው መሀሉ (ሉፑ)፣ ሲለቀቅ የሚሰማው ማለቂያው።

መሀሉን የምትቆርጡት ሞገዱ ዜሮን (የመሀሉን መስመር) በሚያቋርጥበት ቦታ መሆን አለበት። አለዚያ በዞረ ቁጥር «ጠቅ» ይላል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የፈለጋችሁትን ክፍል መርጣችሁ የዜድ ቁልፍን ብትጫኑ ምርጫው ራሱ ወደዚያ ቦታ ይጠጋል።

ጠቅታው ከጠፋ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይቀራል። ቅድም ያልኩትን በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚመጣ ከፍ ዝቅ አስታውሱ። ሉፑ 0.7 ሰከንድ ከሆነ ውስጡ የሚገባው አንድ ከፍ ዝቅና ግማሽ የማይሞላ ቁራጭ ነው። ስለዚህ በዞረ ቁጥር ይሰናከላል፤ ጡሩምባው ስቅ ያለው ይመስላል። 1.5 ወይም 2 ሰከንድ ብታደርጉት ሦስት ወይም አራት ሙሉ ከፍ ዝቅ ይገባል፣ መገጣጠሚያውም አይታወቅም። የተቀረጸ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ከፍ ዝቁን ሞገዱ ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው ጉብታ ቁረጡ።

ፋይሉ ዌቭ (WAV) ይሁን። ኤምፒ3 መጀመሪያው ላይ ትንሽ ጸጥታ ስለሚጨምር ሉፕ አይሆንም።

የእንፋሎት ፉጨትን እንደ ጡሩምባ መሥራት

የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጡሩምባ ሲከፈት ወዲያው ይጮኻል። የእንፋሎት ፉጨት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ፉጨቱ ቆሞ ከቆየ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የመጀመሪያው እንፋሎት ውሃ ይሆንና ይንተከተካል፣ ይተፋል። ብረቱ ሲሞቅ ድምፁ ይጠራል፣ ቅኝቱም ከፍ ይላል። በጋለ እንፋሎት ውስጥ ድምፅ በፍጥነት ስለሚሄድ ነው። ነጂው ደግሞ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ወይም በግማሽ መሳብ ይችላል። በዚህ ምክንያት ድሮ ነጂውን በፉጨቱ የሚለዩ ሰዎች ነበሩ።

ጀማሪው ይህን ሁሉ ትቶ ንጹሕ ቃና ብቻ ያስገባል። የእንፋሎቱ «ሽሽሽ» የማይሰማበት ፉጨት የፊሽካ ድምፅ ነው የሚሆነው። ከቃናው ሥር የአየር ጫጫታ ጨምሩ። መነሻውንም ከጡሩምባው መነሻ ረዘም አድርጉት።

ስቴሪዮና ማስተጋባት

ከውጭ የሚሰማው ድምፅ ሞኖ ይሁን፤ ማለትም ግራና ቀኝ ያልተከፈለ ባለ አንድ መስመር ድምፅ። ኦፕን ሬልስ የሚጠቀምበት ኦፕንኤኤል የተባለው የድምፅ ሶፍትዌር ስቴሪዮ ፋይልን በቦታ አያስቀምጥም። ባቡሩ ከግራ እየመጣ ጡሩምባው በሁለቱም ጆሯችሁ እኩል ሊጮኽ ይችላል።

ድምፁ ግርማ እንዲኖረው ብሎ ማስተጋባት የሚጨምርም አለ። ፋሲል ግንብ ውስጥ አንዱ ክፍል ገብታችሁ አጨብጭቡ፤ ያ ማስተጋባት የግድግዳው ነው፣ የእጃችሁ አይደለም። ፋይሉ ውስጥ ካስገባችሁት ሜዳ ላይ የሚሄድ ባቡር አዳራሽ ውስጥ ይጮኻል። ለነጂው ክፍል ግን ሌላ ፋይል ሥሩ፤ ቀጫጭኑን ድምፅ ቀንሱለት፣ በመስኮት በኩል የሚገባ ይምሰል።

በስልክ መቅረጽና እስከ ጫፍ ማጮህ

የስልክ ድምፅ መቅጃ የበዛውን ድምፅ በራሱ ይቀንሳል። የጡሩምባውን መነሻ የሚበላውም ይኸው ነው። ይህን የሚያጠፋ አፕ ካላችሁ ተጠቀሙበት፣ ከሌላችሁ ራቅ በሉ። ፋይሉንም እስከ ዜሮ ዲሲቤል፣ ማለትም እስከ ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አታድርሱት። ሞተሩና መንኮራኩሩ ሲደመሩበት ይፈነዳል።

የአንዱን አገር ጡሩምባ ለሌላው ማልበስ

የአሜሪካ ሕግ ጡሩምባው 30 ሜትር ገደማ ፊት ለፊት ሲለካ ከ96 እስከ 110 ዲሲቤል እንዲሆን ያዛል። መንገድ ሲያቋርጥ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ነው። ይህን ይዞ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በደረሰው በድሮው የጅቡቲ መስመር ላይ መጫን፣ ያውም በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ከሰማው አይምራችሁም።

መልቀቂያውን መርሳት

ኦፕን ሬልስ በሎኮሞቲቩ የድምፅ መመሪያ ፋይል ውስጥ ካሉት ትእዛዞች ጡሩምባው ሲጫን 8 ቁጥርን፣ ሲለቀቅ 9 ቁጥርን ይጠራል። ለ8 ጽፎ 9ኙን የረሳ ሰው ጡሩምባው ጨዋታው እስኪዘጋ ይጮኽበታል። ጽፋችሁ ከሆነና አሁንም ካላቆመ፣ ፋይሉ ውስጥ የሉፑ መጨረሻ ምልክት ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ጎልድዌቭ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ከፍታችሁ ምልክቶቹን እዩ።