የስፖርት መኪና ፍሬን ማቀዝቀዣ የአየር ቱቦ እንዴት ይገጠማል?

ትራክ ላይ ሦስት አራት ዙር ከነዳችሁ በኋላ ፍሬኑ ከሰነፈ መልሱን ከፔዳሉ ፈልጉ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ መኪናው አልቆም ካለ የፍሬን ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል። ፔዳሉ ላልቶ ወደ ታች ከሰመጠ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን ቀይሩ፤ ያረጀ ዘይትን ቱቦ አያድነውም።

ቱቦው ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አየሩን የት እንደሚያደርስ ነው። የፊት ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው፣ ሸራው የሚይዘው ብረት) ሁለት ሳህን ተጋጥሞ በመሀሉ ክንፎች የተተከሉበት ነው። ሲሽከረከር አየሩን ከእምብርቱ ስቦ በጠርዙ ይተፋዋል። እኔ መጀመሪያ ስገጥም የቱቦውን አፍ በዲስኩ ገጽ ላይ ቀስሬው ነበር። አንዱ ገጽ እየቀዘቀዘ ሌላው እየጋለ ቆይቶ፣ ዲስኩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አገኘሁ። አፉ ወደ እምብርቱ ይዙር።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ በክሪክ አንሱ፣ በካቫሌቶ (በቋሚ የብረት ድጋፍ) ደግፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ጎማውን አውልቁ፤ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ፈትታችሁ በሽቦ አንጠልጥሉት እንጂ በፍሬን ላስቲኩ እንዲንጠለጠል አትተዉት። ዲስኩን አውጡ።

ከዲስኩ ጀርባ ያለውን የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ ፈትታችሁ በካርቶን ላይ ቅርጹን አንሱ። የቱቦው አፍ የሚገባበትን ቀዳዳ ካርቶኑ ላይ ቆርጣችሁ ቦታው ላይ ሞክሩ፤ ቆርቆሮውን የምትቆርጡት ከዚያ በኋላ ነው። አፉን በሪቬት እሰሩ፤ ቆርቆሮውንና ዲስኩን ቦታቸው መልሳችሁ ዲስኩን በእጅ አዙሩት፤ የሚነካካ ነገር መኖር የለበትም። የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦውም ስለት ካለው ጠርዝ ይራቅ።

ቱቦው ሲሊኮን የተቀባ ፋይበርግላስ፣ ውስጡ የሽቦ ጥቅል ያለው ይሁን። 76 ሚሊሜትር ስፋት ጥሩ ነው፤ ቦታ ከጠበበ 63 ይበቃል። የቤት ማድረቂያ ማሽን ቱቦ ይቀደዳል፤ አትድከሙ።

የአየር መግቢያውን ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ላይ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታበት ቦታ አድርጉት። የጭጋግ መብራት ቦታ ይመቻል። ከራዲያተሩ ኋላ ያለው አየር ግን ሞቃት ነው። ጥምዝ ባነሰ ቁጥር አየሩ ይበዛል።

ቱቦውን በፋሼታ (በማሰሪያ) አስራችሁ ካሊፐሩንና ጎማውን መልሱ። አሁን ቱቦውን ጠመኔ ቀቡና መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ። ጎማው ላይ ነጭ ምልክት ካያችሁ ቱቦውን አንቀሳቅሱ። ከዚያ ክሪኩን በታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ክንድ) ሥር አድርጋችሁ ጎማው ወደ ላይ በተጫነበት ሁኔታ ድገሙት፤ አብዛኛው ንክኪ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱን ለማየት የዲስኩን ጠርዝ ሙቀት በሚያሳይ ቀለም ቀቡ። በብዛት የሚሸጡት አረንጓዴው በ430፣ ብርቱካናማው በ560፣ ቀዩ በ610 ዲግሪ ቀለማቸውን ይለውጣሉ። ቀዩ ከተለወጠ አየሩ አልበቃም። አረንጓዴው እንኳን ካልተነካ ደግሞ የመግቢያውን ግማሽ በፕላስተር ሸፍኑ፤ የትራክ ሸራ ሳይሞቅ በደንብ አይነክስም። ከመጀመሪያው ዙር በኋላም የጎማ ዳዶዎችን በቶርክ ቁልፍ እንደገና ፈትሹ።