ያለ ሚስማር በርጩማ መስራት፦ እንጨትን በእጅ እንዴት እናጋጥም?

አያቶቻችን ቤት ያለውን የጠፍር አልጋ ጎንበስ ብላችሁ ከስር እዩት። ጎኑ እግሩ ውስጥ ገብቶ ነው የተያያዘው፣ ይሄን ያህል ዘመን ሰው ተሸክሞም አልተፈታም። ይሄን ሙያ መማር የፈለገ በበርጩማ ይጀምር፣ የመጀመሪያዋ ትንሽ ብትንጋደድም ቡና ሲፈላ ትቀመጡባታላችሁ።

እንጨቱ ዋንዛ ይሁን። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ለጀማሪ አይሆንም። ጎንደር ውስጥ ማራኪም ሁኑ አዘዞ ሰፈራችሁ ያለ እንጨት ቤት ጠይቁ፣ ቁርጥራጭ አይጠፋም። እርጥብ ከሆነ ግን ሳይደርቅ አትንኩት፣ ነሐሴ ላይ ጥብቅ ብሎ የገባ እንጨት በጋ ሲመጣ ይኮማተርና ይላላል።

ዕቃው ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ፣ 12 ሚሊ መሮ፣ እስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ)፣ ቢላና የእንጨት መዶሻ ነው፣ ማሽን አያስፈልግም። ገንዘብ ካላችሁ ለመሮው አውጡት። አዲስ መሮ ከሱቅ ሲመጣ አይቆርጥም፣ ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥር 400 ከዛ 1000) መስታወት ላይ ዘርግታችሁ በውሃ ሳሉት፣ የክንዳችሁን ፀጉር ከላጨ በቃ።

አሁን መስመር። እግሩ 4 ሳንቲ ውፍረት ካለው ምላሱ (እግሩ ውስጥ የሚገባው የጎኑ እንጨት ጫፍ) የሚገባበት ቀዳዳ ስፋቱ ሲሶው ገደማ ይሁን፣ ማለትም የመሮው ስፋት 12 ሚሊ። በእርሳስ ሳይሆን በቢላ አስምሩ፣ ቢላ የጫረው ቦታ ላይ መሮው ራሱ ገብቶ ይቀመጣል። ሁሉንም ልክ ከአንድ ፊት ተነስታችሁ ውሰዱ።

መጀመሪያ ቀዳዳው ይበሳ፣ ምክንያቱም ምላሱን መላጥ ይቻላል፣ የሰፋ ቀዳዳን ማጥበብ ግን ከባድ ነው። ከመሃል ጀምሩ፣ ከጫፎቹ 2 ሚሊ ተዉና እሷን መጨረሻ ላይ አፅዱ፣ ገና ሲጀመር መስመሩ ላይ ከመታችሁ መሮው ወደኋላ ተገፍቶ ያልፈዋል። ግማሹን ከአንዱ ፊት ግማሹን ከሌላው ፊት ብሱ፣ ካልሆነ ጀርባው ይፈነቀላል።

ዋናው ፈተና ምላሱ ነው። መጋዙ መስመሩን ሳይነካ በሚጣለው በኩል ይሂድ፣ ምላሱ ትንሽ ወፍሮ ይቅር። ከዛ አስገቡት፣ አውጡት፣ እዩት። እየተፋተገ ያስቸገረው ቦታ እንደተወለወለ ያበራል፣ እሱን ብቻ በመሮ ስስ አርጋችሁ ላጡና እንደገና ሞክሩ፣ አሰልቺ ነው ግን መጋጠም ማለት ይሄው ነው። በእጅ ግማሽ ድረስ ገብቶ የቀረው በቀላል ምት ሲገባ ልኩ ነው። በመዶሻ ኃይል ካልሆነ እምቢ ካለ አቁሙ፣ የኔ የመጀመሪያ በርጩማ እግር በጅማቱ ሁለት ቦታ የተከፈለው እንደዛ ስገፋው ነው። ከላላም አትጣሉት፣ ከዛው ዋንዛ ስስ ቁራጭ ጎኑ ላይ በኮላ ለጥፉና ሲደርቅ መልሳችሁ ላጡት።

ከኮላ በፊት ሁሉንም በደረቁ ገጣጥሙና ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር ለኩ፣ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ተንጋዷል ማለት ነው። ከዛ ኮላ፣ በገመድ ጠፍንጎ ማሳደር። ሲደርቅ ከተወላገደች ልስልስ ሊሾ ላይ አቁሙና ረጅሙን እግር ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ላጡ፣ አንዴ ብዙ አትቁረጡ።