ካውያ ሲሰካ የሚርገበገበው መብራት፦ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነበር

በዚያው መስመር ላይ ካውያ በተሰካ ቁጥር የኮሪደሩ መብራት ይርገበገብ ነበር። አምፖሉን መቀየር ምንም አልፈየደም። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ኃይል አለመኖሩንም በቴስተር አረጋግጬ የገመዶቹን መገናኛ ሳጥን ስከፍት ጥፋቱ ታየ፦ ባለብዙ ክሩ ሽቦ ባለብሎን ማያያዣ ውስጥ ላልቶ፣ ግማሹ ክር ተበጥሶ፣ ፕላስቲኩም ጠቁሮ ነበር።

የላላ መጋጠሚያ ሬዚስታንሱ (ከረንት እንዳያልፍ የሚያደርገው ተቃውሞ) ይጨምራል፤ ግማሽ ኦም ብቻ ቢኖረው እንኳ 10 አምፒር ሲያልፍበት 50 ዋት ሙቀት ያመነጫል፣ ያውም የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ። ከረንቱ ከልኩ ስላላለፈ ብሬከሩ አይወድቅም። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነውና።

የጠቆረውን ጫፍ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ቆርጬ ጣልኩ። በቦታው ዋጎ 221 የሚባለውን ባለማንሻ ማያያዣ አስገባሁ፦ ሽፋኑን 11 ሚሊ ሜትር መላጥ፣ ማንሻውን መክፈት፣ ሽቦውን እስከ ጥጉ መክተት፣ መዝጋት። አካሉ ብርሃን ስለሚያሳልፍ መዳቡ ጥግ መድረሱ በዓይን ይታያል። የተጠቀምኩበት መጠን ድፍኑንም ባለክሩንም ሽቦ እስከ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይይዛል። እያንዳንዱን ሽቦ ሳቡት፤ ከወጣ አልተያዘም።

ባለብሎን ማያያዣ የግድ በሆነበት ቦታ ክሮቹን ፌሩል (የሽቦ ጫፍ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቱቦ) አልብሶ በመጨመቂያው መጭመቅ ነው። ጫፉን በሊድ መበየድ ግን አይበጅም፤ ሊዱ በብሎኑ ግፊት ቀስ በቀስ እየተዳጠ መጋጠሚያው መልሶ ይላላል።

መብራቱ አሁን ካውያ ቢሰካም አይርገበገብም። በመስመሩ ላይ የቀሩትን ሳጥኖችም እየከፈትኩ ነው።