በጎ ምግባርን የሚለማመዱ ካቶሊካዊ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሀዋሳ የካቶሊክ ቁምስናዎች (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት) ትምህርተ ክርስቶስ የሚከታተሉ ወጣቶች አንድ በጎ ምግባር መርጠው በዕለት ኑሯቸው እንዲለማመዱና ያደረጉትን ማታ ማታ በማስታወሻ ደብተር እየጻፉ እንዲያሰላስሉ ሲጠየቁ፣ አብዛኞቹ በሙሉ ልብ ይጀምራሉ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ደብተሩ እየሞላ ጠባያቸው ባለበት የቀረ ብዙዎች ናቸው። ይህ የሚሆነው ከስንፍና ይልቅ ሊታረሙ ከሚችሉ ጥቂት ስህተቶች የተነሣ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ማወቅን እንደ መኖር መቁጠር ነው። እምነት፣ ተስፋና ፍቅር የሚባሉትን ሦስቱን መለኮታዊ ምግባራት፣ እንዲሁም አስተዋይነት፣ ፍትሕ፣ ብርታትና ራስን መግዛት የሚባሉትን አራቱን ዐበይት ምግባራት በቃል መያዝ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ» የተባለው መጽሐፍ በጎ ምግባርን መልካሙን ለማድረግ የጸና፣ ልማድ የሆነ ዝንባሌ አድርጎ ስለሚገልጸው፣ ዝርዝሩን የሸመደደ ተማሪ ገና ሥራውን አልጀመረም።

ሁለተኛው ስህተት መሬት ያልነካ ውሳኔ መወሰን ነው። «ከነገ ጀምሮ ታጋሽ እሆናለሁ» ያለ ተማሪ ማታ ራሱን የሚጠይቅበት ነገር የለውም። «ታናሽ እህቴ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ይዛ ስትመጣ ስልኬን አስቀምጬ እስኪገባት ድረስ አስረዳታለሁ» ያለው ግን መፈጸሙንና አለመፈጸሙን ያለ ጥርጥር ያውቀዋል። ፍትሕን የመረጠም እንዲሁ፣ ከፒያሳ ወደ አቶቴ የጫነው የባጃጅ ሹፌር ተሳስቶ መልስ ቢያበዛለት ከመውረዱ በፊት ሊመልስለት አስቀድሞ ይወስን። ሰውየው፣ ሰዓቱና ቦታው ያልታወቀ ውሳኔ ሲውል ሲያድር ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ ሰፋ አድርጌ ላነሣው የምፈልገው ግን አንዱን ምግባር ከሌሎቹ ነጥሎ መያዝን ነው፤ ለዚህም ከኩረጃ የተሻለ ማሳያ የለም። በፈተና ክፍል ከኋላው የተቀመጠ ጓደኛው ወንበሩን በእግሩ ነካ ነካ ሲያደርግበት የመልስ ወረቀቱን ወደ ጎን ገለጥ አድርጎ ያሳየ ተማሪ፣ ማታ በደብተሩ ላይ «ዛሬ ፍቅርን ተለማመድኩ፤ ጓደኛዬን ከጭንቀት አወጣሁት» ብሎ ይጽፋል። ይህን የሚጽፈው በቅንነት ነው፤ ስለዚህም በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት ሊመለስ ይገባዋል። የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን መምህር ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ እንደሚያስተምረው ማፍቀር ለሌላው መልካሙን መሻት ነው። ጓደኛው ያገኘው ነጥብ እንጂ እውቀት አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ትምህርት መሠረት ያደረገ ሌላ ትምህርት ሲመጣ ችግሩ ብሶ ይጠብቀዋል። ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ሦስተኛ ተማሪ ደግሞ ደረጃውን ያለ አግባብ ተነጥቋል፤ ፍቅር በተባለው ሥራ ውስጥ ፍትሕ ተረግጧል ማለት ነው።

በአንጻሩ በፈተና ቀን ወረቀቱን በክንዱ ሸፍኖ «እኔ ሐቀኛ ነኝ» የሚለው፣ ዓመቱን ሙሉ ግን ደብተሩን ለማንም አውሶ የማያውቀው ተማሪ ከዚህኛው የተሻለ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን አስተዋይነትን የምግባራት ሁሉ ነጂ ብላ የምትጠራው ስለዚህ ነው። ይህም ምግባር መምከርን፣ መፍረድንና መፈጸምን በቅደም ተከተል ይጠይቃል፤ ጓደኛዬ የከበደው ምኑ ነው ብሎ መጠየቅ፣ ከፈተናው ሳምንት ቀደም ብሎ አብሮ ማጥናት እንደሚሻል መወሰን፣ ከዚያም ቅዳሜ ከሰዓት ኳሱን ትቶ አብሮት መቀመጥ። በፈተናው ቀን «ይቅርታ፣ አላሳይህም» ለማለት ደግሞ ብርታት ያስፈልጋል፤ ስስታም መባልን ሳይፈሩ እንዲህ ማለት ለወጣት ቀላል አይደለም።

ተፈጥሮን እንደ ምግባር መቁጠርም የተለመደ ነው። ዝምተኛ ተማሪ ሁሉ ትሑት አይደለም፤ የክፍሉ ልጆች በአንድ ደካማ ጓደኛቸው ላይ ሲሳለቁ ዝም ያለ ሰው ዝምታው ከፍርሃት የመጣ ሊሆን ይችላል። ለዝምተኛው መናገር፣ ለተናጋሪው መታገሥ ነው ልምምዱ።

በጎ ሥራን ለእይታ ማድረግን በተመለከተ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተናገረው በቂ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ዱቄትና ሳሙና ተይዞላቸው የተጎበኙ እናት ፎቶግራፋቸው በቴሌግራም ሲዘዋወር የሚሰማቸውን ማንም አይጠይቃቸውም። ስልኩ በኪስ ይቆይ።

በማሰላሰሉ ላይ ደግሞ ስህተቱ ማሰላሰልን ጥፋት መቁጠር ማድረግ ነው። «ተቆጣሁ፣ ዋሸሁ፣ አረፈድኩ» ብሎ የሚዘረዝር ተማሪ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ይለምደዋል። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ያስተማረው የኅሊና ምርመራ የሚጀምረው ለእግዚአብሔር ምስጋና በማቅረብ ነው፤ ከዚያ ሰውየው ራሱን ለማወቅ ጸጋን ይለምናል፣ ቀኑን በየሰዓቱ ይመለከታል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ለመታረም ይወስናል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ማስታወሻ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጠዋት እናቴ ሳትቀሰቅሰኝ ስለነቃሁ አመሰግናለሁ። ከሰዓት ወንድሜን የሰደብኩት ተርቤ ስለነበር ነው። ነገ ከትምህርት ቤት ስመጣ መጀመሪያ ምሳዬን በልቼ ከዚያ አነጋግረዋለሁ፤ አሁን ግን ሳልተኛ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።» አጭር ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን አግኝቷል፣ ነገ የሚደረገውንም ያውቃል።

ሌላው ስህተት በጎ ምግባር የታላላቅ ቅዱሳን ብቻ ነው ብሎ መራቅ ነው። ኢትዮጵያዊው ካቶሊካዊ ሰማዕት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1855 ለእምነቱ በእስር ሲንገላታ መሞቱን የሰማ ተማሪ «እኔ ይህን አልችልም» ይላል። ያ ሰው ግን ከዚያ አስቀድሞ በጥናትና በጥያቄ እውነትን ሲፈልግ ብዙ ዓመታት የኖረ መነኩሴ ነበር፤ ብርታቱ በአንድ ቀን አልተገኘም። ይህን ስል ሁሉም ነገር በራስ ጥረት ይሆናል ማለቴ አይደለም። መለኮታዊ ምግባራት የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፤ ሌሎቹንም የሚያነጻቸውና ከፍ የሚያደርጋቸው ጸጋው ነው። ስለዚህ ቅዳሴንና ምሥጢረ ንስሓን ትቶ በደብተር ብቻ መታገል ያደክማል።

የመጨረሻው ስህተት የእኛ የአስተማሪዎች ነው። ማስታወሻውን ሰብስቦ ማርክ መስጠት ተማሪውን ማርክ የሚያስገኝ ነገር እንዲጽፍ ያስተምረዋል፤ ውድቀቱን የሚሸሽግ ደብተር ደግሞ ለማሰላሰል አይረዳውም። ደብተሩ የተማሪው የግሉ ሆኖ ይቆይ፤ አስተማሪው «ለዚህ ሳምንት የወሰንከውን አንድ ነገር አደረግህ ወይ? ምን አስቸገረህ?» ብሎ ለብቻው ይጠይቀው፣ ኑዛዜ የሚያስፈልገውንም ለካህኑ ይተውለት።