ከባህር ውሃ ማጣሪያ የሚወጣ ብራይንን ሙቀት ማጠራቀሚያ ማድረግ

ከባህር ውሃ ማጣሪያ የሚወጣው ብራይን፣ ማለትም ጨው የበዛበት ቀሪ ውሃ፣ በሊትር 70 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ከሥሩ ጨው የበዛበት፣ ወደ ላይ እየቀነሰ የሚሄድ ኩሬ ከተሠራበት ግን የፀሐይን ሙቀት ያስቀራል፤ የታችኛው ውሃ ቢሞቅም ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይወጣም። በቴክሳስ የኤል ፓሶ ኩሬ በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1986 ኤሌክትሪክ አመንጭቷል።

ግድግዳው ቀጥ ያለ የ100 ካሬ ሜትር ኩሬ እንውሰድ። መጀመሪያ 500 ሜትር ኩብ ያህል ብራይን በጠፍጣፋ ገንዳ ሃይድሮሜትሩ (የፈሳሽ እፍጋት መለኪያው) 1.15 እስኪያሳይ ይተን፤ 150 ሜትር ኩብ ገደማ ይቀራል። በመሀሉ ጂፕሰም የተባለ ማዕድን ይዘቅጣል። ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ፤ ድፍርስ ውሃ ብርሃን ወደ ታች አያሳልፍም።

የኩሬው ሽፋን ጥቁርና 90 ዲግሪ የሚችል ይሁን። ብራይን ከመግባቱ በፊት በተራ ውሃ ሞልታችሁ ፈትሹት፤ ብራይን ካፈሰሰ የከርሰ ምድር ውሃ ይበላሻል።

አሁን ዋናው ሥራ። ብራይኑን እስከ 1.5 ሜትር ሙሉ። ውሃን በጠባብ ክፍተት ወደ ጎን የሚረጭ፣ ከሁለት ክብ ሳህኖች የተሠራ ማከፋፈያ ከወለሉ 1 ሜትር ላይ አንጠልጥሉና ንጹሕ ውሃ ልቀቁበት። የውሃው ወለል 5 ሳንቲሜትር ሲያድግ ማከፋፈያው 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ 2 ሜትር ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ 30 ሳንቲሜትር ንጹሕ ውሃ ከላይ በቀስታ ይጨመር። ነፋስ ባለበት ቀን አትጀምሩ፤ ግፊቱም ከበዛ ያማስለዋል።

በየ10 ሳንቲሜትሩ ናሙና ውሰዱ። ሳይቀዘቅዝ ከተለካ ቀሎ ስለሚታይ ያሳስታል። ከ1 እስከ 2 ሜትር ባለው ክፍል ሁለት ተከታታይ ንባብ እኩል ከሆነ እዚያ ውሃው እየተገላበጠ ሙቀት ያመልጣል፤ ከዚያ ንብርብር ሥር ጠንካራ (ጨው የበዛበት) ብራይን በማከፋፈያው ጨምሩ።

ሙቀቱን ለማውጣት የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ 90 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ይዘርጋ፤ ተራ ብረት በሙቅ ጨው ቶሎ ይበላል። የታችኛው 1 ሜትር በ40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4,300 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ከ85 ዲግሪ በላይ አታድርሱት፤ ከፈላ የሠራችሁት ንብርብር ይፈርሳል።

ጨው በራሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ በዓመት በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ። ስለዚህ ከሥር ጠንካራ ብራይን ይጨመራል፣ ከላይ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ የታጠበው ወደ ማትነኛው ገንዳ ይመለስ። አልጌ ከታየ አሲድ ጨምራችሁ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 4 አውርዱ። ለማዕበል ተንሳፋፊ መረብ ይበቃል። እንዲህ ያለ ትንሽ ኩሬ በጎኑ ብዙ ሙቀት ያጣል፣ ግድግዳውን ሳትሸፍኑ አትተዉት።