ከ1 ሊትር ቢከር ወደ 500 ኪሎ ታንክ፦ የላርጎ ምርትን ለሚያሳድግ ኬሚስት

የላርጎ ፎርሙላ ዛሬ በስልክ ጭምር ይሸጣል። ገዢው በባልዲ ሲሞክረው ይሠራለታል፤ በ500 ሊትር ሮቶ ሲደግመው ግን ወይ እንደ ውሃ ይቀጥናል፣ ወይ ይጓጉላል፣ ወይ በሳምንቱ ይሸታል። ፎርሙላው ውሸት ሆኖ አይደለም። ፎርሙላ የሚናገረው ምን ምን ያህል እንደሚገባ ብቻ ነው። በምን ቅደም ተከተል፣ በስንት ደቂቃ፣ በስንት ዲግሪ፣ በምን ፍጥነት እየተማሰለ እንደሚገባ አይናገርም። ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ተምሮ ፋብሪካ የሚገባ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ስለዚህ ፎርሙላውን እዚሁ በነፃ እንሰጥና ወደ ሥራው እንግባ።

ለ500 ኪሎ መካከለኛ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ፦

ላብሳ (ከኮስቲክ ጋር ሲገናኝ ዋናው ማጽጃ የሚሆነው አሲድ)፣ 96 በመቶ፦ 50 ኪሎ
ኮስቲክ ሶዳ፣ በንጹህ ሒሳብ፦ 6.5 ኪሎ
ቴክሳፖን እየተባለ የሚሸጠው ኤስኤልኢኤስ (አረፋ የሚሰጥ ማጽጃ)፣ 70 በመቶ፦ 20 ኪሎ
ሲዲኢኤ (አረፋና ውፍረት የሚያግዝ)፦ 10 ኪሎ
ኢዲቲኤ (የጠንካራ ውሃን ማዕድን የሚይዝ)፦ 0.5 ኪሎ
ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጠብቅ)፦ 0.5 ኪሎ
ሽቶ፦ 1.5 ኪሎ
ጨው፦ ወደ 5 ኪሎ፣ ትክክለኛው መጠን በሙከራ የሚወሰን
ውሃ፦ 406 ኪሎ
ቀለም፦ ጥቂት ግራም

ሁሉም በኪሎ እንጂ በሊትር አይለካም። በጆግ የሚለካ ላብሳ ግማሹ ጆጉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ዕቃው ሲገባ

ከመርካቶ የመጣ ኮስቲክ ከረጢቱ ላይ 98 በመቶ ቢልም አፉ ተከፍቶ ከቆየ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። ስለዚህ በቲትሬሽን ይመርመሩት። 4 ግራም ይመዝኑ፣ በውሃ አሟሙተው ያቀዝቅዙ፣ በትክክል 1 ሊትር ያድርጉት። ከዚያ 25 ሚሊ ሊትር ወስደው በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በፌኖልፍታሊን ጠቋሚ ይለኩ። ንጹህ ቢሆን 25 ሚሊ ሊትር አሲድ ይጨርሳል። 23 ላይ ቀለሙ ከጠፋ 92 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ከ6.5 ኪሎ ፈንታ 7.07 ኪሎ ይመዝናሉ።

ላብሳውንም እንዲሁ። 1 ግራም ያህል በትክክል መዝነው ጥቂት አልኮል በተጨመረበት 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ በ0.1 ሞላር ኮስቲክ ይለኩ። ደህና ላብሳ ለ1 ግራም 32 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይወስዳል። ይህን ቁጥር በ0.4 ሲያባዙት ለ100 ኪሎ ላብሳ የሚያስፈልገውን ንጹህ ኮስቲክ በኪሎ ይሰጣል፤ ወደ 13 ኪሎ መሆኑ ነው። ከ13ቱ አንዱ ኪሎ የሚያስፈልገው ላብሳው ውስጥ ለቀረው ትንሽ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ከመጽሐፍ ላይ የሞለኪውል ክብደት ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው ይህን ሁልጊዜ ይረሳዋል። ቁጥሩ ከ30 በታች ከወረደ ዕቃው ተቀላቅሏል ወይም ረጥቧል፤ ሻጩን ያነጋግሩ።

ታንኩ ፕላስቲክ ወይም ስቴንለስ ይሁን። ተራ ብረትን ላብሳ ይበላዋል፣ ምርቱም የዝገት ቀለም ይይዛል። አሉሚኒየም ድስት ደግሞ ኮስቲክ አጠገብ ፈጽሞ አይቀርብም፦ ሃይድሮጅን ይለቃል።

ሲተልቅ የሚለወጠው

በቢከር የሠሩትን በየአቅጣጫው 8 ጊዜ ቢያሳድጉት ይዘቱ 512 ጊዜ ያድጋል፤ ሙቀት የሚወጣበት ገጽ ግን 64 ጊዜ ብቻ። እያንዳንዱ ሊትር ሙቀቱን የሚያስወጣበት ገጽ አንድ ስምንተኛ ሆነ ማለት ነው። ቢከር ላይ ሻይ እስኪጠጣ የሚቀዘቅዘው ነገር ሮቶ ውስጥ እስከ ማግስቱ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ሙቀቱን ታንኩ አጠገብ ከመቆም በፊት በወረቀት ላይ ያስሉት።

እዚህ ባች (በአንድ ጊዜ የሚሠራ ምርት) ውስጥ 162 ሞል ያህል ኮስቲክ አለ። ሲሟሟ በሞል ወደ 44፣ አሲዱን ሲያገኝ ደግሞ ወደ 57 ኪሎ ጁል ያወጣል። 6.5 ኪሎውን በ26 ኪሎ ውሃ ቢያሟሙት ውሃው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይጨምራል፤ በ20 ዲግሪ የጀመረው ወደ 80 ይጠጋል። ውሃውን በጣም ቀንሰው በ6.5 ኪሎ ቢሞክሩት ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። በሌላ በኩል ይኸው የኮስቲክ ውሃ 300 ኪሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ላብሳው ሲጨመርበት ታንኩ ከ32 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ሁሉንም በ100 ኪሎ ውሃ ቢሠሩት ግን 48 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳሉ፣ ድብልቁም እንደ ቅባት ይወፍርና ማማሰያውን ያስቸግራል።

ማማሰያው ሌላው ወጥመድ ነው። ቢከር ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ክንፍ በደቂቃ 300 ዙር ሠርቶ ነበር እንበል። ታንኩ ላይ ክንፉ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ያው 300 ዙር ቢሰጠው በእያንዳንዱ ሊትር ላይ የሚያርፈው ኃይል 64 ጊዜ ይበልጣል፤ ታንኩ አረፋ በአረፋ ይሆናል፣ ሞተሩም አይችለውም። በሊትር ያለው ኃይል እንዳይለወጥ ከተፈለገ 75 ዙር ይበቃል፤ የክንፉ ጫፍ ፍጥነት እንዳይለወጥ ከተፈለገ ደግሞ 38። ለላርጎ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ጀምረው በዓይን ያስተካክሉ፦ ላዩ በዝግታ ሲገለባበጥ መታየት አለበት፣ መሐሉ ግን ጉድጓድ ሠርቶ አየር መሳብ የለበትም። ጉድጓድ ከሠራ የማማሰያውን ዘንግ ከመሐል ወደ ጎን ያሽሹት፣ ወይም ግድግዳው ላይ አራት ቀጥ ያሉ ዝርግ ቁራጮች ያቁሙ። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ታንክ የእያንዳንዱ ቁራጭ ስፋት 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ነው።

ከ1 ሊትር በቀጥታ ወደ 500 አይዘለልም። መሐል ላይ አንድ የ20 ሊትር ባች ይሠራል፤ ቢበላሽ የሚጣለው አንድ ጀሪካን ነው።

ላብሳና ኮስቲክ ሲገናኙ

የባቹ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ስለሆነ አይቸኩሉ። ጓንት፣ ግጥም ያለ የዓይን መከላከያና ሽርጥ ያድርጉ። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ቢያንስ 15 ደቂቃ በወራጅ ውሃ ይታጠባል፤ ኮምጣጤ ማፍሰስ ቃጠሎውን ያባብሳል።

300 ኪሎ ውሃ ታንኩ ውስጥ ይግባ፣ ኢዲቲኤው ይሟሟበት። እንደ ድሬዳዋ ባለ ውሃው ጠንካራ በሆነ ቦታ ኢዲቲኤን መተው የደበዘዘ ምርት ያስከትላል። በሌላ ዕቃ ኮስቲክን ወደ 26 ኪሎ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ውሃን ወደ ኮስቲክ ማፍሰስ ክልክል ነው። ሲቀዘቅዝ ወደ ታንኩ ይገልበጥ። ከዚያ ከላብሳው 48 ኪሎውን ብቻ በቀጭን ዥረት፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለ ጊዜ፣ ክንፉ አጠገብ ያፍስሱ። ቀሪው 2 ኪሎ ለማስተካከያ ይቆይ።

ለምን ላብሳው ይቆያል፣ ኮስቲኩ አይቆይም? ሁለቱም ጠንካራ ስለሆኑ ገለልተኛው ነጥብ ላይ ፒኤች እንደ ገደል ነው። 100 ግራም ትርፍ ኮስቲክ ብቻ 500 ሊትርን ከ11 በላይ ያወጣዋል። 100 ግራም ላብሳ ግን የ13 ግራም ኮስቲክን ያህል ብቻ ስለሚሠራ እጅ ቢስት እንኳ ጥፋቱ ትንሽ ነው። 200 ግራም ጨምሮ፣ 5 ደቂቃ አማስሎ፣ ለክቶ መቀጠል ነው፤ የሚፈለገው ከ7 እስከ 8።

ፒኤች የሚለካው ከላይም ከታች ካለው ቧንቧም በተወሰደ ናሙና ነው። ላብሳ ወፍራምና ከውሃ ከበድ ያለ ስለሆነ ክንፉ የማይደርስበት ጥግ ወርዶ ይተኛል። ላይ የለካው ሰው 12 አይቶ መጨመሩን ይቀጥላል፤ ከሰዓት በኋላ የተኛው ሲነሳ ታንኩ 3 ይሆናል። የላይና የታቹ ልዩነት ከ0.2 ከበለጠ መጨመር አቁመው ያማስሉ። ናሙናው 10 ግራም ከሆነ በ90 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥነው ይለኩ፤ ወፍራም ሳሙና የፒኤች ሜትሩን ጫፍ ይሸፍነዋል።

ኮስቲክ ሲጠፋ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) መጠቀም የሚፈልጉ አሉ። ይቻላል፤ ግን ይህ ባች በሶዳ አሽ ሲሠራ 80 ሞል ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ወደ 2000 ሊትር ጋዝ ነው፣ ያውም ሳሙና ውስጥ። ታንኩን ከግማሽ በታች ሞልተው፣ ሰዓታት ወስደው ካልሆነ ወለሉ ላይ ነው የሚያገኙት።

ቴክሳፖንና ሲዲኢኤ

ቴክሳፖን ላይ ውሃ ከተጨመረ ወደ መሐል ሲቀጥን ከራሱም ይልቅ ይጠነክራል፤ እንደ ጄሊ የሚንሳፈፉት እብጠቶች ከዚህ ይመጣሉ። መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ብዙ ውሃ ወዳለበት ታንክ በእፍኝ በእፍኝ፣ የፊተኛው ሲጠፋ የኋለኛውን። ለ20 ኪሎ አንድ ሰዓት ያህል ይያዙለት። ፒኤቹ ሳይስተካከል አይግባ፤ አሲድ ውስጥ የቆየ ቴክሳፖን ቀስ እያለ ይፈርሳል። ሲዲኢኤ ብዙም አያስቸግርም፤ አፍስሶ 15 ደቂቃ ማማሰል ነው።

ጨው

ብዙ ባች የሚሞተው በጨው ነው። ጨው ላርጎን ያወፍራል የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ እስከ አንድ ነጥብ ያወፍርና ከዚያ በላይ ሲጨመር ያቀጥናል፣ ያደበዝዛልም። ላርጎው ቀጠነ ተብሎ ጨው ሲጨመር፣ ይበልጥ ሲቀጥን ደግሞ ሲጨመር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ጨው ካልገባበት ባች ለስምንት ብርጭቆ፣ ለእያንዳንዱ 200 ግራም ያካፍሉ። ከ0.25 በመቶ ጀምረው በ0.25 እየጨመሩ እስከ 2 በመቶ ይጨምሩ፤ አንድ እርምጃ 0.5 ግራም ጨው ነው። አረፋው እስኪወጣ ይተዉአቸው፣ ሁሉንም 25 ዲግሪ ላይ ያድርጉ። የውፍረት መለኪያ ከሌለ ታቹ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ኩባያ በቂ ነው፤ ፈሶ የሚያልቅበትን ሴኮንድ ይመዝግቡ። ቁጥሮቹን በግራፍ ሲያሠፍሩ ኮረብታ ያያሉ። የሚመረጠው ከጫፉ በስተግራ፣ ውፍረቱ የጫፉ 80 በመቶ የሚሆንበት ቦታ ነው። ጫፉ ላይ የቆመ ምርት የሚቀጥለው የቴክሳፖን ጭነት ትንሽ ሲለይ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ሙከራው ሽቶው ከገባ በኋላ ይደገም፤ ሽቶ ራሱ ኮረብታውን ያንቀሳቅሳል፣ ብዙውን ጊዜም ያቀጥናል።

ጨው በደረቁ አይበተንም፤ ከ406 ኪሎው ውሃ እስካሁን ካልገባው 80 ኪሎ 15 ኪሎውን ወስደው አሟሙተውና አጣርተው ያስገቡት። የቀረው ውሃ ከዚያ በፊት ይግባ፣ ታንኩንም ያቀዝቅዝልዎ። አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ጥሩ የሆነው ውፍረት አዋሽ ሜዳ ላይ በ35 ዲግሪ ይቀጥናል፤ ገበያው ቆላ ከሆነ ናሙናውን በዚያ ሙቀት ይዩት።

መዝጊያው

ፕሪዘርቫቲቭና ሽቶ ከ40 ዲግሪ በታች ብቻ ይገባሉ። አይሶታያዞሊኖን ከሚባሉት ፕሪዘርቫቲቮች አንዳንዶቹን ሙቀትና ከ8 በላይ ፒኤች ይጎዷቸዋል፤ በሳምንቱ የሚሸት ላርጎ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ ሌላው ያልታጠበ ጀሪካን። ፎርማሊን ርካሽ ነው፤ ግን ሠራተኛው በየቀኑ ስለሚተነፍሰው አንመክረውም። ባቹ ሌሊቱን አርፎ አረፋው ከወጣ በኋላ ይሞላ፤ አየር የያዘ ላርጎ በሊትር ሲሞላ በሚዛን ይጎድላል።

ከመሸጥ በፊት ናሙና በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ 45 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ4 ሳምንት፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት። የመጀመሪያው መለያየትንና ሽታን፣ ሁለተኛው የደብረ ብርሃንን ሌሊት፣ ሦስተኛው የቀለሙን መልቀቅ ያሳያል።

ለእያንዳንዱ ባች አንድ ወረቀት ይኑር፦ የዕቃው የጭነት ቁጥር፣ የተመዘነው ኪሎ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ ሙቀት፣ የላይና የታች ፒኤች፣ ፊርማ። የገባው 500 ሆኖ የወጣው ከ485 ካነሰ የት እንደሄደ ይፈለግ። ሦስት ባች በተከታታይ አንድ ዓይነት ውጤት ካልሰጠ ሂደቱ ገና አላለቀም። ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ኬሚስትም ከዲግሪው ጋር ሙከራ ላይ የሠራውን የጨው ግራፍና እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢቀርብ ጠያቂው የሚያነጋግረው ሌላ ቋንቋ ነው፤ የቀድሞ ቀጣሪን ፎርሙላ ግን ይዞ አይወጣም።

ጨው ያለፈበት ባች አይጣልም። በጨው ፋንታ ውሃ ቢጨመርበት የጨው መቶኛው ወርዶ ሊመለስ ይችላል፤ ሳሙናው ግን አብሮ ይቀጥናል። የተሻለው ጨው ሳይገባበት በተሠራ አዲስ ባች ላይ 10 በመቶ እየቀላቀሉ መጨረስ ነው፤ አስቀድሞ 200 ግራም ላይ ተሞክሮ፣ የአሮጌው ጨው ከአዲሱ ሒሳብ ተቀንሶ።