ያገለገለ የጊታር ፒክአፕ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ፒክአፕ የጊታር ክር ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ፣ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ያለው ዕቃ ነው። ያገለገለ ፒክአፕ የሚሸጥ ሰው ቀድሞ የሚጠራው የኦም ቁጥሩን (የሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም) ነው፤ «16 ኪሎ ኦም ነው፣ ኃይለኛ ነው» ይላል። ቁጥሩ የጥቅሉን ጤንነት ለመጠርጠር ይረዳል እንጂ ስለ ድምፁም ሆነ ስለ አምራቹ ብዙ አይናገርም። ቀጭን ሽቦ በእኩል ዙር ከወፍራሙ የበለጠ ኦም ያሳያል። በቁጥሩ ብቻ ዋጋ ሲወደድ ማየት በጣም ያሳዝነኛል፤ «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው ደግሞ ይብሳል።

ቴስተራችሁን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉ። ፒክአፑ ጊታር ላይ ካለ አንዱን ሽቦ ፍቱት፤ ካልፈታችሁት የጊታሩን የቮልዩም ማስተካከያም አብራችሁ ነው የምትለኩት። የስትራቶካስተር ጊታር ዓይነት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ከ5.5 እስከ 6.5፣ የድሮ ዓይነት ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል) ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባል። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ስለሚጨምር በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ንባቡ 4 በመቶ ያህል ይለወጣል። በ8.0 እና በ8.3 መካከል ስላለው ልዩነት አትከራከሩ።

ቴስተሩ ምንም አያነብም

ፒክአፑ ባለ አራት ሽቦ ሀምበከር ከሆነ መጀመሪያ ራሳችሁን ተጠራጠሩ፤ የተሳሳቱ ሁለት ሽቦዎችን ይዛችሁ ሊሆን ይችላል። ሲይሞር ደንከን የተባለው አምራች በሠራው ቀይና ነጩን አገናኝታችሁ በጥቁርና በአረንጓዴ ትለካላችሁ። በዲማርዚዮ ደግሞ ጥቁርና ነጩ ይገናኙና የሚለካው በቀይና በአረንጓዴ ነው። ሌላ አምራች ከሆነ ቀለሙን አትመኑ፤ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ጥንዶቹን ፈልጉ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ አክቲቭ ፒክአፕ ከሆነ ግን የኦም ንባቡ ትርጉም የለውም፤ ባትሪ አስገብታችሁ በአምፕ ስሙት።

ሽቦው በእርግጥ ከተበጠሰ፣ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው የውጪው ገመድ ከጥቅሉ ጋር የሚበየድበት ቦታ ላይ ነው። ቴፑን ቀስ ብላችሁ ላጡ። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል፣ 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በጥሩ ብርሃንና በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ መዳቡ እዚያ ተበልቷል። ጫፉን አንድ ዙር ፍቱና ሽቦው የተቀባውን ላክ (መከላከያ ሽፋን) በጥንቃቄ ፋቁ፤ ከዚያ የቴስተሩን ጫፍ አስነኩት። ካነበበ በመበየጃ መልሳችሁ አያይዙትና በቴፕ ሸፍኑት፤ አንድ ዙር መጉደሉ በድምፁ ላይ አይታወቅም። የተበጠሰው ከውስጥ፣ ከጥቅሉ መጀመሪያ ከሆነ ግን እንደገና ከመጠቅለል ሌላ መንገድ የለም።

ግማሽ ወይም ሩብ ያነባል

ከ8 ኪሎ ኦም ሀምበከር 4 ካገኛችሁ አንደኛው ጥቅል ሾርት ሆኗል ወይም ሆን ተብሎ ተዘግቷል። 2 ካገኛችሁ ሁለቱ ጥቅሎች በትይዩ ተያይዘዋል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን የሽቦ አያያዝ ጉዳይ ነው።

ኦሙ ትክክል ነው፣ ድምፁ ግን ደካማና ቀጭን ነው

የኦም ቴስተር የማያየው ብልሽት ይህ ነው። ከሽቦው ጥቂት ዙሮች እርስ በርስ ከተነካኩ ኦሙ ብዙም ሳይቀንስ ድምፁ ይሞታል። ሄንሪ (የጥቅሉን ኢንዳክታንስ) የሚለካ መሣሪያ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ካወቃችሁ አስለኩት፤ የስትራቶካስተር ዓይነቱ 2 ሄንሪ ገደማ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ፣ የድሮ ዓይነቱ ሀምበከር ከ4 እስከ 5 ሄንሪ ያሳያል። ማግኔቱም ሊደክም ይችላል። መርፌ በየምሰሶው አስነክታችሁ የመሳብ ኃይሉን አነጻጽሩ። በክራር ላይ የሞከራችሁት ከሆነ ክሮቹን እዩ፤ ናይሎን ክር ማግኔታዊ ፒክአፕ አይሰማውም፣ የብረት ክር ያስፈልጋል።

አምፑ ሲከፈት ያፏጫል

አፋችሁን ወደ ፒክአፑ አስጠግታችሁ ተናገሩ። ድምፃችሁ በአምፑ ከወጣ ጥቅሉ ወይም የብረት ክዳኑ ልል ነው። መፍትሄው ሰም ነው፦ የፓራፊን ሻማ ትንሽ የንብ ሰም ተጨምሮበት፣ በእሳት ላይ በቀጥታ ሳይሆን በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ። ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ አይለፍ፤ ካለፈ የፕላስቲኩ ክፈፍ ይጣመማል። ፒክአፑን ነክራችሁ አረፋው እስኪቆም ጠብቁ። ሰም ተቀጣጣይ ስለሆነ አጠገቡ ሆናችሁ ጨርሱት።

ሁምታ (የማያቋርጥ «ህምም» ድምፅ) ያሰማል

ሲንግል ኮይል በተፈጥሮው የመብራቱን 50 ኸርዝ ይሰማል። ክሩን ስትነኩ ከቀነሰ ግራውንዱ (የመሬት መስመሩ) ደህና ነው። ክዳኑን ስትነኩ ከጨመረ ግን ክዳኑ ከግራውንድ ተላቋል ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠዋል።

ሁለት ፒክአፕ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ይሳሳል

የሁለቱም ዋና ሽቦ በቀዩ የቴስተር ጫፍ ተይዞ፣ የብረት ካቻቢቴ ምሰሶው ላይ አስቀምጡና ድንገት አንሱት። የአንዱ ንባብ ለአፍታ ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ካለ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው። የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ገልብጡ፤ ከዚያ በፊት ክዳኑን ከጥቅሉ ሽቦ አላቁና ለብቻው ግራውንድ ስጡት።

የማን ሥራ ነው?

ገልብጣችሁ ከታች እዩት። የስትራቶካስተር ዓይነቱ በባህላዊ አሠራሩ ስድስቱ ምሰሶዎች ራሳቸው ማግኔት ናቸው፤ በርካሾቹ ብረት ናቸውና ከታች ጥቁር የሴራሚክ ማግኔት ተለጥፎባቸዋል። ተለጣፊ ማስረጃ አይሆንም። የጊታር አምራቹ ጊብሰን ራሱ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሀምበከሮቹ ላይ የለጠፈው ቁጥር 2,737,842 የጊታሪስቱ ሌስ ፖል የክር መያዣ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ነው፤ የጊብሰን መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1959 እ.ኤ.አ. ለሀምበከሩ ያገኘው ፓተንት 2,896,491 ነው። ቁጥሩን ማንም ማተም ይችላል። ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ብየዳው ተከፍቶ እንደሆነ፣ ገመዱ ተቀይሮ እንደሆነና ቴፑ አዲስ እንደሆነ ተመልከቱ።